ያልተባለ «አዎ»

ፊልሞና፣ ወሰን በሚባለው የከተማው ሰፈር ባለች አንዲት የቆርቆሮ አዳራሽ ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን የእንጦጦን ዳገት በእግሩ እየወጣ፣ ከተራራው ጀርባ መኪና የማይገባባቸውን መንደሮች ሲዞር ኖሯል። ከእናቱ የተማረው ኦሮምኛ አንደበቱ ላይ ጥሩ ስለሆነ ሰዎቹ በአክብሮት ያዳምጡታል። ከዚያ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው «አመንኩ» ብሎት አያውቅም። ይህን ለማንም ባይናገርም ውስጡን ይበላው ነበር።

ባለፈው ሐምሌ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መንገድ ላይ ያዘው። አባባ ቢራቱ የሚባሉ ሽማግሌ ከደጃቸው ጠርተው አስገቡት። ጃኬቱን እሳት ዳር ዘረጉለት፣ የተቀቀለ ድንች አቀረቡለት። ሲወጣ «ልጸልይልዎት?» አላቸው።

«ጸሎት ማን ይጠላል? ጸልይ እንጂ» ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

ፊልሞና ግን አልጨፈነም። እየጸለየ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው።

ቤቱ ሲገባ ለባለቤቱ ለፌበን ሁሉንም አጫወታት፤ ሽማግሌው እንዴት እንዳስጠለሉት፣ ድንቹ እንዴት እንደጣፈጠው።

እሑድ ፊልሞና የሰጠው ፎቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ በፕሮጀክተር ታየ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ሰሎሞን በደስታ፣ «እኚህ አባት ጌታን ተቀበሉ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁት። ሕዝቡ ሁሉ አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል።

«አዎ» አለ ፊልሞና።

አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ፌበን ከመሐል ወንበር ላይ ቀና ብላ አየችው። ቤት እስኪደርሱ ድረስ ዓይኗን ማየት አቃተው። ያኔውኑ ተመልሶ እውነቱን መናገር ይችል ነበር። አላደረገውም። ፎቶው በማግስቱ «ጌታን ተቀበሉ» ከሚል ጽሑፍ ጋር የቤተ ክርስቲያኑ ፌስቡክ ላይ ወጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንዲት ሴት አዳራሹ ድረስ መጣች። ብዙነሽ ትባላለች፤ ሾላ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች።

«ወንጌላዊው እርስዎ ነዎት?» አለችና ስልኳን ዘረጋችለት። «ይሄ አባቴ ነው። ሃይማኖቱን ለወጠ ተብሎ ጎረቤቱ ሰላም አይለውም። ሃያ ዓመት የጠጣበት የሚካኤል ማኅበር ሳይጠራው ቀረ። ለመሆኑ ምን ብሎህ ነው?»

«እርስዎ» ማለቷን እንደተወች ልብ አለ።

«ምንም አላሉኝም» አላት።

«ታዲያ ይሄን ማን ጻፈው?»

ፊቱ በእሳት እንደተለበለበ ሆነ።

በማግስቱ ተከትሏት ዳገቱን ወጣ። አባባ ቢራቱ አጥር ሲያጥሩ አገኟቸው። ፊልሞና እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዘው አቆሙት።

«ተው! አንተ ልጅ፣ እኔ ያስገባሁህ ሰው ነህ ብዬ ነው» አሉት። «አሁን ይቅርታህን ለኔ አታምጣ። እኔማ ያላልኩትን አውቃለሁ። ለሰማው ሰው ንገር።»

ማኅበሩ በተሰበሰበበት ቀን ፊልሞና ሄዶ ከበሩ ላይ ቆመ። አባባ ቢራቱ እንዳላመኑ፣ እንዳልተጠየቁም፣ የዋሸው እሱ ራሱ እንደሆነ ለማኅበርተኞቹ በኦሮምኛ ነገራቸው። ገሚሱ ሳቀ። አንዲት ባልቴት፣ «እኛን ልታስተምር ነበር የምትመጣው?» አሉት። ጎንበስ ብሎ ከበሩ ተመለሰ።

እሑድ ደግሞ እዚያው እልል በተባለበት መድረክ ላይ ቆሞ ተናዘዘ። ይሄኛው ባሰበት። ሰሎሞን አንገታቸውን ደፉ፤ የሚያለቅሱም ነበሩ። ፎቶው ከፌስቡክ ወረደ፤ እሱም ለስድስት ወር ከአገልግሎት ታገደ። በእነዚያ ወራት ሲግናል ሰፈር አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ በተላላኪነት ሠራ። የሚያውቁት ምእመናን ሲያልፉ ካየ ዕቃው ጀርባ ይገባ ነበር።

አሁን ወደ መንደሮቹ መሄድ ጀምሯል። አባባ ቢራቱን ማኅበሩ መልሶ ጠርቷቸዋል። ፊልሞና በደጃቸው ሲያልፍ ከአጥር ማዶ ሆነው «ደህና ነህ ወይ?» ይሉታል። «ግባ» ግን አይሉትም። እሱም እንዲሉት አይጠብቅም። ዝቅ ብሎ እጅ ይነሳና፣ ጆሮ ግንዱ እየጋለ፣ ቀጣዩን አቀበት ይያያዘዋል።