የዶራሌ ባሕር የሸሸበት ጠዋት

ስለ ጅቡቲ የባሕር ዳርቻዎች ከሁሉ የጋለውን ክርክር የሰማሁት ጅቡቲ ሳለሁ አይደለም፤ ለንደን ውስጥ፣ ቶተንሃም በነበረው በእኛ ጠባብ ሳሎን ነው። ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ እንደ ነበር አልጠራጠርም። ዓመቱን ግን ባለቤቴ አንድ ትላለች፣ እኔ ሌላ እላለሁ፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

የክርክሩ መነሻ የባለቤቴ ታላቅ እህት ነበሩ። እናቷ በልጅነቷ ስለ ሞቱባት ያሳደጓት እኚህ እህቷ ናቸው፤ ከተለያዩም ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸው ነበር። እኛ አገር ቤት መግባት አንችልም። በስደተኝነት የተሰጠን የጉዞ ሰነድ ለዓለም አገሮች ሁሉ ሲፈቅድ አንዲት አገር ብቻ ያስቀር ነበር፤ ያቺም የእኛዋ ናት። እርሳቸውም ለንደን ለመምጣት ቪዛ ጠይቀው ተከልክለዋል። ስለዚህ እንደ ብዙ ወገኖቻችን ሁሉ በመካከል ያለች ሦስተኛ አገር ፈለግን። እርሳቸው ከድሬዳዋ በባቡር፣ እኛ በፓሪስ በኩል በአውሮፕላን ሄደን በገና ሰሞን ጅቡቲ ላይ እንድንገናኝ ተቆረጠ።

«እዚያ ድረስ ከመጣሁማ ባሕሩን ሳልገባበት አልመለስም» አሉ በስልክ። «ስሙን ስሰማ አረጀሁ፤ መልኩን ደግሞ ልየው።»

ባለቤቴ ስልኩን እንደ ዘጋች ወደ እኔ ዞረች። «አንተ ሄደህበት ታውቅ የለ? የቱ ነው ጥሩው?»

በእርግጥ ሄጄበታለሁ። በወጣትነቴ ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ተልኬ ጅቡቲ ጥቂት ቀናት ሰንብቼ ነበር። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ዶራሌ ወደሚባለው ዳርቻ ወሰዱኝ። የማስታውሰው ነጣ ያለ አሸዋ፣ እግሬ ሥር እየመጣ የሚመለስ ለብ ያለ ውሃና አንድ ትልቅ የጥላ ዛፍ ነው። ስለ ዛፉ አልምልም፤ ምናልባት ከላንጋኖ ትዝታዬ ጋር ተቀላቅሎብኝ ይሆናል።

በቀጣዩ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለት ወዳጆቻችን ቤታችን መጡ። አንደኛው ካምደን ባለ ሆስፒታል ይሠራ የነበረና ወደ እንግሊዝ እስኪሻገር ድረስ ጅቡቲ በስደት የኖረ ሰው ነው። ሁለተኛዋ ክላፋም የምትኖር የባለቤቴ የማኅበር ጓደኛ ስትሆን፣ እርሷም በዚያው አገር የአንድ ፈረንሳዊ ቤተሰብ ሞግዚት ነበረች። ነገሩን ገና አንሥተን ሳንጨርስ ሻዩ ተረሳ።

«ከኾር አምባዶ ሌላ የሚነግራችሁን ሰው እንዳትሰሙ» አለ የካምደኑ። «ጥቁር ተራራ፣ ጥቁር ድንጋይ፣ በመሐሉ ያ ሰማያዊ ውሃ። ፈረንሳዮቹ ራሳቸው ሆሊዴይ ሲሆን የሚሮጡት ወደዚያ ነው።»

«ዋኝተህበታል?» አለች የክላፋሟ።

«አይቼዋለሁ።»

«ከየት ሆነህ?»

«ከጭነት መኪና ላይ» አለና ስኒውን አነሣ።

ሳቃችን እስኪበርድ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ እኔን ይስሙኝ። ሙሻ ደሴት የሚሏት አለች። ውሃው መስተዋት ነው፤ እርስዎ ዓሣውን ሲያዩ ዓሣውም እርስዎን ያያል።»

«ጀልባዋ ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሄድኩት ብለሽ አልነበር ያን ጊዜ?» አላት የካምደኑ።

«ስሄድ ነዋ። ስመለስ ገልጬዋለሁ።»

በዚህ ዐይነት ሳምንታት አለፉ። የካምደኑ ሰው ከባሕረ ሰላጤው ማዶ፣ በታጁራ በኩል፣ አሸዋው እንደ ዱቄት የነጣ ዳርቻ እንዳለ ሰምቶ መጣ፤ የክላፋሟ ደግሞ የቀድሞ አሠሪዎቿ ሙሻ ላይ የተነሡትን ፎቶግራፍ ይዛ ደረሰች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ለነገር መቸኮልን የምፈራ ሰው ነኝ፤ ያን ሰሞን ግን አትላስ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ሳላውቀው አንኮራፋለሁ፣ ተነሥቼም እንደገና እዘረጋዋለሁ። ባለቤቴ ለእህቷ መዋኛ የሚሆን ረጅም ነጭ ቀሚስ ሰፋች። የካምደኑ ወዳጃችን ከሰፈሩ ገበያ የዋና መነጽር ገዝቶ «ለእትዬ ስጡልኝ፣ ጨው ዓይናቸው እንዳይገባ» አለ።

ያልጠየቅነው ነገር አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም። አሸዋ ነው ወይስ ጠጠር? ሴቶች ከወንዶች ዓይን ርቀው ይገቡበታል? ሻርክ አለ? እህቷ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የጀልባና የዐለት ነገር ቀረና፣ አሸዋው ቀስ እያለ የሚያዘቀዝቀው ዶራሌ ተመረጠ። የእኔ ምርጫ ስላሸነፈ ደስ ብሎኛል። ሰዓቱን የወሰኑት ደግሞ እርሳቸው ናቸው፤ ልክ እንደ ጠበል ጠዋት፣ እህል ሳይቀመስ።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ተራ የጨው ውሃ ነው» አልኳቸው በስልክ።

«ይሁን። እኔ በልቼ ውሃ ገብቼ አላውቅም፤ ዛሬ አልጀምርም።»

ጅቡቲ ጣቢያ ላይ እህትማማቾቹ እንዴት እንደ ተገናኙ አልጽፍም፤ የባቡሩ ጢስ ነው ብዬ ፊቴን ስላዞርኩ በደንብ አላየሁትም። ባለቤቴ ጢስ አልነበረም ትላለች። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እርሳቸው ከጉዞው ድካም ሲያገግሙ አሳለፍናቸው። የመመለሻ ባቡራቸው ሊነሣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ፀሐይ ብዙም ሳትወጣ፣ በታክሲ ዶራሌ ደረስን። ሹፌሩ ከሰዓት በኋላ እንዲመለስ ነግረነው ሄደ።

ባሕሩ አልነበረም።

ሌላ ዐይነት አገላለጽ ብፈልግ አጣሁ። አሸዋው አለ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ ግን ዓይን እስኪደክም የሚሄድ ግራጫ ጭቃ ነበር። ሁለት ጀልባዎች ጭቃው ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ውሃው በሩቁ እንደ ቀጭን ክር ያብለጨልጫል። ዛፍ የሚባልም አልነበረም፤ አንድ የሰሌን ዳስ ብቻ ቆሟል።

እህቷ ነጩን ቀሚስ ለብሰው፣ የዋና መነጽሩን ግንባራቸው ላይ አድርገው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ጭቃውን ተመለከቱ።

«እኛን አይቶ ሸሸ እንጂ» አሉ።

በጭቃው ላይ ለመሄድ ሞከሩ፤ ከዘራቸው ሰጠመ፣ እግራቸውም ተከተለው። ደግፈን መለስናቸው። ከዳሱ ሥር ተቀምጠው ቀሚሱን ጉልበታቸው ላይ እያለሰለሱ ያጥፉት ጀመር። ነገ ባቡር ነው። ተመልሰን መቼ እንደምንገናኝ የሚያውቅ የለም።

ባለቤቴ ቀስ ብላ ዳቦውን ከዘንቢሉ አወጣች። «እትዬ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ቅመሺ። ባይሆን አይተሽዋል።»

እርሳቸው ዳቦውን ያዙ። ከቀመሱ ነገሩ እንዳበቃ ሦስታችንም እናውቃለን።

ያን ጊዜ ነው ከኋላችን ያለውን ያየሁት። ከዳሱ በስተጀርባ፣ እኛ ከተቀመጥንበት በላይ፣ አሸዋው ላይ የተዘረጋ የባሕር አረም መስመር ነበር፤ ገና እርጥብ ነው፤ ውሃው ሌሊቱን እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው። ወዲያውም ቴምዝ ትዝ አለኝ። ክላፋም ወዳለችው ወዳጃችን በሄድን ቁጥር አውቶብሱ በድልድዩ ያልፋል። አንድ ቀን ወንዙ እስከ ግንቡ ሞልቶ፣ ሌላ ቀን ዳርና ዳሩ ጭቃ ሆኖ አየዋለሁ። ዝናብ ሲዘንብ የሚሞላ፣ ሲያባራ የሚጎድል መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት በመስኮት እያየሁት ባሕሩ ወንዙን እየገፋ ገብቶ ተመልሶ እንደሚወጣ አላስተዋልኩም፤ መጽሐፍ ላይ ያነበብኩትንም ከዓይኔ ጋር አላገናኘሁትም። ቶተንሃም ተሰብስበን የተከራከርነው ሁሉ የደጋ ሰዎች ነበርን። ለእኛ ውሃ ማለት እንደ ቢሾፍቱ ሐይቅ ካለበት የማይነቃነቅ ነገር ነው፤ ባሕር በስንት ሰዓት እቤቱ እንደሚገኝ መጠየቅ ለማናችንም አልታየንም።

«ይመለሳል መሰለኝ» አልኩ።

እህቷ ዳቦውን እንደ ያዙ ቀና አሉ። «በምን አወቅህ?»

«ለንደን ውስጥ ከአውቶብስ ላይ ሆኜ አይቼ ነበር መሰለኝ።»

«እንግዲህ ይኼን ያህል ተምረህ፣» አሉኝ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ያለ መሰለኝ ንገረኝ። ይመጣል ወይስ አይመጣም?»

እኔ በሕይወቴ ለማንም ሰው ማረጋገጫ መስጠት አልወድም። ተማሪ ሳለሁ የፈተና ውጤቴን ሲጠይቁኝ እንኳ ነገ ጠይቁኝ እል ነበር። እኚህ ሴት ግን በዚያ ሙቀት ጾማቸውን በእኔ ቃል ላይ ሊጥሉ ነው። ሚስቴ በዓይኗ ተው ትለኛለች። ጀልባዎቹን አየሁ፤ ማንም ሰው ጀልባውን ውሃ በማይደርስበት ቦታ አያስርም።

«ይመጣል» አልኩ።

ዳቦውን ለባለቤቴ መለሱላት። «አስቀምጪው።»

የጠበቅነው ጊዜ ለእኔ ሙሉ ቀን ነበር። ሚስቴ በነጠላዋ ታራግብላቸዋለች፤ እርሳቸው ስለ አደጉበት ቤት፣ ስለ ጎረቤቶቻቸው ጠብ ያወራሉ። እኔ አንድም ቃል አልሰማሁም፤ ዓይኔን ከዚያ ክር አልነቀልኩም። ክሩ ወፍሮ ጥብጣብ ሲሆን ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ከዚያ በጎኗ ተኝታ የነበረችው ሩቋ ጀልባ ትንሽ ተንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላም ቀና አለች።

«ተነሣች» አለች ባለቤቴ። «አየሃት? ተነሣች እኮ።»

ሁለተኛዋም ተነሣች። ውሃው በጭቃው ላይ ያለ ድምፅ፣ ጣት በሚያህል ውፍረት፣ ቀጥሎ በሰፊው እየተዘረጋ መጣ። ሮጥኩ፤ በዚያ ዕድሜዬ፣ በሱፍ ሱሪ፣ እንግዳ እንደሚቀበል ሰው ሮጬ ተቀበልኩት። ስመለስ እህትማማቾቹ ተያይዘው ቆመው ነበር። አሸዋው ጫፍ ላይ ጥቂት ጠበቁ፤ ውሃውም እግራቸው ሥር ደረሰ።

እህቷ አማተቡ፣ መነጽሩን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ፣ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝ። ባለቤቴ ልትገባ አላሰበችም ነበር፤ እጇን ግን አልለቀቋትም። እስከ ወገባቸው ገብተው አብረው ሦስት ጊዜ ጠለቁ። ከወጡ በኋላ ውሃውን በእፍኛቸው ቀምሰው ፊታቸውን አኮማተሩ፤ እንደገናም ቀመሱ።

እኔ ዳር ላይ ከዘራውን ይዤ ውሃ ጫማዬ ውስጥ እየገባ ቆሜያለሁ። ወደ እኔ ዞሩና በመነጽሩ ውስጥ አዩኝ።

«በል፣» አሉኝ፣ «አሁን ዳቦውን አምጣ።»