መቃብር አፍራሽ የተባለው አውሬ

ወልደአረጋይ ከሞተ ወዲህ ስለ እሱ የሚወራው ሁሉ ስለ ስም ነው። "የአውሬውን ሁሉ ስም በአራት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ነበር" ይባላል። እውነት ነው፤ ያውቅ ነበር። እኔ ግን ስለ እሱ ከዚህ ሌላም አውቃለሁ፤ የማውቀውን ሳልናገር አረጀሁ። ድጓ ሳልጨርስ ያቋረጥሁ ሰው ስለሆንሁ ጽሕፈቴ ባያምር አትፍረዱብኝ። ከፈለጋችሁ በሌላው ነገር ፍረዱብኝ።

ደብራችን ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ናት። ወልደአረጋይ በወጣትነቱ አጋሰስ ነጂ ነበር፤ ከቆላው ጨው እየጫነ ሲመላለስ ኦሮምኛውንም፣ አርጎብኛውንም፣ የአዳሎቹንም ቋንቋ ለቀመ። ጉልበቱ ሲደክም አገሩ ገብቶ ማረስ ጀመረ። ደብሩም የመቃብር ቆፋሪነቱን ለእሱና ለእኔ ሰጠን። እኛ የሰው መቃብር እንቆፍራለን፣ ሰዉ በተራው መሬታችንን ያርስልናል። ልኩ ደረት ነው። ቆፋሪው ጉድጓዱ ውስጥ ቆሞ አፋፉ ደረቱ ድረስ ካልደረሰ ሬሳ አይወርድም።

ማኅበር ላይ ጠላው ዞር ዞር ሲል ሰው ሁሉ ወደ ወልደአረጋይ ይዞራል። "የሌሊት ወፍን እስቲ ተመልከቷት" ይላል። "ጥርስ አላት፣ ልጇን ታጠባለች፣ እኛ ግን ወፍ አልናት። ኦሮሞውም በቋንቋው የሌሊት ወፍ ነው የሚላት። ሁለታችንም ያየናት በጨለማ ነው፣ ምን እናድርግ።" ደግሞ ይቀጥላል፤ "ያንን ማንም ጭኖት የማያውቀውን ዝንጉርጉር፣ የሜዳ አህያ አልነው። ቢሰማን ምን ይለን ይሆን?" ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚስቀው ራሱ ነበር። እወደው ነበር፤ ይህንንም ልጻፈው።

ከክፉው ቀን አምስት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በበጋው፣ አንድ ፈረንሳዊ አዳኝ አንኮበር ገባ። የአውሬ ቆዳ ይሰበስባል፣ ስሙን በየቋንቋው እየጠየቀ ይጽፋል። የወልደአረጋይን ወሬ ሰምቶ አስጠራው። አስተርጓሚ መሀል አስቀምጠው ሲጠያየቁ ዋሉ። ማታ ሲመለስ የወልደአረጋይ እግር መሬት አይነካም ነበር። "እነሱ የሌሊት ወፍን ምን እንደሚሏት ታውቃለህ ይሁኔ? ራሰ በራ አይጥ። አይጥ መምሰሏንስ ደርሰውበታል፤ ፀጉሯን ግን ማን ላጨባቸው?" ይህችን ወሬ ሦስት ቀን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ አወራት።

ኃይለ ገብርኤል የሚባል ጎረቤታችን የሞተው በዚያው ሰሞን ነው። ከማለዳ ጀምረን መቆፈር ያዝን። በዚያ ቀን ደግሞ ፈረንጁ አዋልድጌሳ የሚባለውን ጉድጓድ ቆፋሪ አውሬ ከጉድጓዱ ቆፍሮ ሊያወጣ ወደ ቆላ ሊወርድ ነበር፤ ወልደአረጋይን ከቀትር በፊት ና ብሎት ነበር። ጉድጓዱ ወገባችን ላይ ሲደርስ ወልደአረጋይ ቀና ብሎ ፀሐይዋን አየ።

"ይበቃል" አለኝ።

"ገና ነው እኮ።"

"ድንጋይ እንከምርበታለን። ዛሬ ባይሆን ነገ ተመልሼ እኔው እከምረዋለሁ።"

እምቢ ማለት እችል ነበር። እኔም ግን አውድማ ላይ ያልተወቃ ገብስ ነበረኝ፤ እሺ አልሁ። ሬሳው መጣ፣ ተፈታ፣ ወረደ። ለቅሶ ላይ ጉድጓድ የሚለካ የለም። አፈሩን መለስንና እሱ ቁልቁል፣ እኔ መቆፈሪያዬን ተሸክሜ ወደ ቤቴ ሄድን። በማግስቱ ተመልሶ አልመጣም። እኔም ሄጄ ድንጋይ አልከመርሁም፤ ነገሩን የእሱ አድርጌ ተውሁት።

በሠልስቱ ጠዋት መንገድ ላይ አገኘሁት። ደስታው ሞልቶ ይፈስ ነበር። "አዋልድጌሳውን አወጡት" አለኝ። "ጆሮው የአህያ፣ አፍንጫው የአሳማ። ፈረንጁ በቋንቋችን የምድር አሳማ ነው የምንለው አለኝ። ኦሮሞው ግን አዋልድጌሳ ሲለው መቃብር አፍራሽ ማለቱ ነው፣ እኛም ስሙን ከእነሱ ወስደን ስንጠራው ኖርን። ይሁኔ፣ ሆዱ ሲቀደድ እኔ ራሴ አየሁ። ምስጥ ብቻ ነው የሞላበት። አንዲት የአጥንት ስባሪ የለችም። ምስኪኑን በሐሰት ነው ስሙን ያጠፋነው።"

ይህን እየነገረኝ ሳለ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል የሴት ጩኸት ሰማን።

የሟቹ ሚስት እመት አሰገደች በባሏ መቃብር ላይ ልታለቅስ ሄዳ መቃብሩን ተከፍቶ አገኘችው። ከፈኑ አጥሩ ድረስ ተጎትቷል። የጅብ ሥራ ነበር፤ ጅቡን የጋበዝነው ደግሞ እኛ ነን። የደብሩ አባት አባ ገብረ ጻድቅ ወደ ወልደአረጋይ ዞሩ።

"ልኩን አውርዳችሁ ነበር?"

ወልደአረጋይ እኔን አየኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

"ደረት ድረስ ነው አባ" አለ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው ጨመረበት። "ጅብ ይህን ያህል ጥልቀት አይቆፍርም። ይህ አዋልድጌሳ ነው። ኦሮሞ መቃብር አፍራሽ ያለው ያለ ነገር አይደለም።"

ሌላ ሰው ቢናገረው ኖሮ ይጠይቁ፣ ይከራከሩ ነበር። የተናገረው ግን ወልደአረጋይ ነው፤ በአውሬ ስም ማን ይከራከረዋል? ሁሉም አመነ። እኔም በሆዴ፣ በአውሬ ላይ የተዋሸ ውሸት ማንን ይጎዳል አልሁ።

ወንዶቹ ጦርና ዶማ ይዘው አዋልድጌሳ ፍለጋ ወጡ። ጉድጓዶቹ ያሉት ከደብሩ በታች ባለው ዳገት ላይ ነው። ንጋቷ የምትባል ሸክላ ሠሪ ጭቃዋን የምትቆፍረውም እዚያው ነው። ባሏ የሞተባት፣ ከመንደሩ ጠርዝ ብቻዋን የምትኖር ሴት ነበረች። በእሷ ምጣድ የማይጋግር፣ በእሷ ድስት የማይበላ ቤት አልነበረም። ሰዎቹ አውሬውን አላገኙትም። ያገኙት ጉድጓዱን፣ ከጉድጓዱ አጠገብ የንጋቷን ቅርጫትና የእግሯን ዱካ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን የአገሬ ሰው ሳልነግረው ይገምተዋል። ጠይብ ናት። ጠይብ ቡዳ ነው ይባላል፣ ቡዳም አውሬ ሆኖ ሬሳ ያወጣል ይባላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ጅብ ሆና አየኋት ያለ ሰው አልነበረም። አሁን ግን አዲስ አውሬ ተገኘላት፣ ስሙም ጥፋቱን ይናገራል። በፀሐይ ያሰጣቻቸውን ሸክላዎች ሰባበሩባትና እስከ ቅዳሜ አገሩን ልቀቂ አሏት።

ሐሙስ ዕለት ወደ ወልደአረጋይ ቤት መጣች። እኔም እዚያ ነበርሁ። አልተቀመጠችም፤ በሩ ላይ ቆማ ተናገረች።

"የአውሬውን ስም የነገርካቸው አንተ ነህ። አንተን ይሰማሉ። ንጋቷ አይደለችም በላቸው። ሌላ ምንም አልለምንህም።"

"ነገ እነግራቸዋለሁ" አላት።

ዓርብ ዋለ፣ አልተናገረም። "ስለ እሷ አፌን ከከፈትሁ ስለ ጥልቀቱ መጠየቃቸው አይቀርም" አለኝ። "እንግዲያው ተወው" አልሁት። እንዲህ ነው ያልሁት፤ ቃሉ የኔ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ንጋቷ የቀራትን ዕቃ በአንዲት አህያ ጭና ቁልቁል ወረደች። አንድ ትልቅ ጋን አልጫን ብሏት በራፏ ላይ ቀረ። ማንም ሳይነካው ክረምቱ ውኃ ሞላው።

ወልደአረጋይ ከዚያ ወዲያ ስለ ስም ማውራት ተወ። ማኅበር ላይ ሲጠይቁት "ረስቼዋለሁ" ይላል። ሰው አረጀ ብሎ ተወው። እኔ ብቻዬን ነበርሁ ምክንያቱን የማውቅ፤ አጠገቡ ስቀመጥ ሁለታችንም የምናወራው ስለ ዝናብ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ጨው ልንገዛ አሊዩ አምባ ገበያ ወረድን። ከሸክላ ተራው ንጋቷን አየናት። ጠቁራ፣ ከስታ፣ ጀበናና ገንቦ ደርድራ ተቀምጣለች፤ አንዲት የአርጎባ ሴት ገንቦ እያንኳኳች ትመርጣለች። ወልደአረጋይ ቀጥ ብሎ ሄዶ ፊቷ ቆመ። ገዢዋ እስክትሄድ ጠበቀ።

"ንጋቷ፣ ያን ጊዜ የዋሸሁት እኔ ነኝ" አላት።

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ማን ይነግረኛል፤ አፈሩ ነው። ቀብሩ ላይ ነበርሁ። የመለሳችሁት አፈር ጥቁር ብቻ ነበር። በዚያ ዳገት ወገብ ያህል ከተቆፈረ በኋላ ቢጫው ጭቃ ይጀምራል፤ ሃያ ዓመት ቆፍሬዋለሁ። ደረት ድረስ ወርዳችሁ ቢሆን ቢጫው በላዩ ይታይ ነበር።"

"ታዲያ ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም?"

"ጠይብ ብትናገር ማን ይሰማታል? አንተ ቤት የመጣሁት ለዚህ ነው። በራስህ አፍ ብትናገረው ብዬ።"

ከዚያ ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች። ከወልደአረጋይ ኋላ፣ የገበያተኛ አህያ ከልሎኝ ቆሜ ነበር።

"አንተስ ይሁኔ? ያን ቀን እኔ ከቀብሩ ቀድሜ ተመልሼ፣ አንተ መቆፈሪያህን ይዘህ በደጄ ስታልፍ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ አልደረሰችም ነበር፤ ደረት ድረስ የቆፈረ በዚያ ሰዓት አይመለስም። አንተም እንዳትናገር ማን ያዘህ?"

ጎንበስ ብዬ ጀበና አነሣሁ፤ ልገዛ ሳይሆን እጄን የማደርግበት አጥቼ ነው። ከእጄ ተቀብላ ወደ ቦታው መለሰችው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወልደአረጋይ ሕዝቡ ሳይበተን በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመ፤ እኔም አጠገቡ ነበርሁ። ሁሉንም ተናገረ፤ መቃብሩ ወገብ ድረስ ብቻ እንደነበር፣ አውሬው ምስጥ እንጂ ሬሳ እንደማይበላ፣ ይህንንም እያወቀ እንደዋሸ፣ ንጋቷ በሐሰት እንደተባረረች። እመት አሰገደች ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከሕዝቡ አንዳንዱ ጮኸበት፤ አንዳንዱ ያለፈ ነገር ለምን ይነሣል ብሎ አጉረመረመ። ለንጋቷ መልእክተኛ ይላክላት ተባለና ተላከ፤ አልመጣችም።

አባ ገብረ ጻድቅ ሰዉን ዝም አሰኙና "ልኩ ሳይደርስ መቆሙን አብሮህ የሚቆፍረው ይሁኔም ያውቅ ነበር?" ብለው ጠየቁት።

ወደ እኔ አልዞረም። "ልኩ ሳይደርስ ይበቃል ያልሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ የብቻዬ ነው" አለ።

ክንዱ ክንዴን ይነካኝ ነበር። አፌን ለመክፈት ጊዜ ነበረኝ፤ አባም ጠበቁ። ዝም አልሁ።

ሰባት ዓመት የሚጾመው ንስሐ ሰጡት። ክፉው ቀን ሲመጣ ሰው ሁሉ ያገኘውን ሲቀምስ እሱ ጾሙን አልፈታም፤ በረሀቡ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። የጾመው የኔንም ድርሻ ጭምር ነበር።