የስመኝ የበረዶ ሱሪ

ስመኝ አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ በአንድ ድራይክሊን ልብስ ማጠቢያ ቤት የኋላ ክፍል፣ ከስፌት መኪናዋ ጋር አሥራ ስምንት ዓመት ተቀምጣለች። ዊንተር በመጣ ቁጥር የሰዎች የበረዶ ሱሪዎች ይመጡላታል፤ ዚፓቸው የተበላሸ፣ ጉልበታቸው የተቀደደ፣ እግራቸው የረዘመ። ኪሳቸው ውስጥ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ስም ያለበት ያረጀ የስኪ ትኬት ካገኘች አትጥለውም፤ ከልብሱ ጋር በመርፌ ቁልፍ አያይዛ ለባለቤቱ ትመልሳለች። እንዲህ ስታደርግ ስታደርግ ያላየቻቸውን ተራሮች ስም በቃሏ አጥንታለች።

እሷ ግን በረዶ ላይ ወጥታ አታውቅም። ልጇ ዮሐና ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ስኪ በሄደች ቁጥር ስመኝ ታደርሳታለች፤ ከዚያ ካፍቴሪያው ውስጥ የልጆቹን ሁሉ ኮት ታቅፋ ትጠብቃለች።

«ማም ኮት ጠባቂያችን ናት» ትላለች ዮሐና ለጓደኞቿ። ይስቃሉ። ስመኝም አብራ ትስቃለች።

ዘንድሮ ዴንቨር የሚኖረው ወንድሟ ጊዲዮን ደወለ። «አምስት ቀን ኑ። ሁለቱን ከተማ፣ ሦስቱን ተራራ» አለ። ዮሐና በሚቀጥለው መስከረም ኮሌጅ ልትገባ ነው፤ ከሚኖሩባት ከሲልቨር ስፕሪንግም ልትርቅ ነው።

«እኔም አብሬሽ እወጣለሁ» አለች ስመኝ።

ዮሐና ስልኳን አስቀመጠች። «በረዶው ላይ? ፕሮሚስ?»

«እመብርሃንን!»

ሱሪው አልቸገራትም። አንድ ደንበኛ ትቶት ሁለት ዓመት የተንጠለጠለ ጥቁር የበረዶ ሱሪ ነበር፤ የድራይክሊኑ ባለቤት «ውሰጂው» አላት። ያን ቀን ሥራ ካለቀ በኋላ ሜትሩን አንስታ የራሷን ወገብ ለካች። የስንቱን ሰው ልኬት የያዘች ሴት የራሷን አታውቀውም ነበር። እግሩን አሳጠረች፣ ጎኑን አጠበበች፤ ከተማ ውስጥ ቢለብሱት ማንም የስኪ ነው የማይለው ሱሪ ሆነ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፈተች። ገበሩ የሚወልቅ ጃኬት፤ ገበሩ ብቻውን ለከተማ፣ ሁለቱ ተደርበው ለተራራ። ከሥር የሚለበሱ ሁለት ስስ የሱፍ ልብሶች። ለምግብ ቤትም ለብርድም የሚሆን አንድ ሹራብ። ረጅም ሻርፕ፤ ለአንገትም ለትከሻም።

«ሁለት ቦታ የማያገለግል ልብስ እዚህ ሻንጣ ውስጥ አይገባም» አለች እንደ አስተማሪ ጣቷን አንስታ።

ዮሐና ሳቀች። «የስ፣ ማዳም።»

ችግሩ ስመኝ ባለፈው እሑድ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «ዴንቨር ልሄድ ነው» ማለቷ ነበር። እንዲህ ያለ ወሬ ደግሞ ከባለቤቱ ቀድሞ ቤት ይገባል። የቤተ ክርስቲያን ወዳጇ መሰረት ከግሪንቤልት፣ ዴንቨር ላለችው የእህቷ ልጅ የሚደርስ የክርስትና ልብስ ይዛ መጣች። ከታች ያሉት ጎረቤቷ እትዬ ሉባባ ደግሞ ዴንቨር ለወለደችው እህታቸው የገንፎ ዱቄት፣ በርበሬና ቅቤ በሦስት ፌስታል ጠቅልለው አመጡ።

«ለአራስ ነው፤ እምቢ አይባልም» አሉ።

ስመኝም እምቢ አላለችም። በሕይወቷ የሰው ዕቃ አላደርስም ብላ አታውቅም። ሻንጣውን መዘነችው፤ የሚፈቀደው ሃምሳ ፓውንድ ነው፣ ሚዛኑ ስልሳ አንድ አለ። ጃኬቱን አወጣች። አሁንም አልበቃም። ሱሪውን አወጣች።

ዮሐና በሩ ላይ ቆማ አየቻት።

«ቅቤው ሁለት ቦታ ያገለግላል?» አለች።

«ዮሐናዬ፣ አራስ እኮ ናት…»

«ኢትስ ኦኬ፣ ማም። ኮት የሚይዝ ሰውም ያስፈልገናል።»

ይህን ስትል ግን ዮሐና አልሳቀችም። ቀስ ብላ ወደ ክፍሏ ገባች።

ስመኝ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሱሪው እጥፋት ላይ የራሷን ስፌት አየች፤ ደቃቅ፣ ቀጥ ያለ። ከዚያ ፌስታሎቹን አንስታ ደረጃውን ወረደች። የእትዬ ሉባባን በር አንኳኳች።

«እትዬ ሉባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ሁሉንም መውሰድ አልችልም።»

«ምነው? ሻንጣሽን ምን ሞላው?»

«የበረዶ ልብስ። ከዮሐና ጋር… በረዶ ላይ ልወጣ ነው።»

እትዬ ሉባባ መነጽራቸውን አወለቁ። «አንቺ? ልትንሸራተቺ? ብትሰበሪ የኔን ቀሚስ ማን ያሳጥርልኛል?»

«ሳልሄድ አሳጥርልዎታለሁ።»

ሴትዮዋ በሳቅ ፈነዱ። ፌስታሎቹን ተቀበሉና ቅቤዋን ብቻ መልሰው እጇ ላይ አኖሩ። «ይቺን ውሰጂ። ዱቄቱን ፖስታ ያደርሰዋል፤ አንቺን ግን ፖስታ ተራራ አያወጣሽም። ይልቅ ስትወድቂ ፎቶ ላኪልኝ!»

ስትመለስ ሱሪውና ጃኬቱ ከአልጋው ላይ የሉም። ዮሐና ሻንጣው አጠገብ ተንበርክካለች፤ የእናቷን ቡት ወደ ራሷ ቦርሳ አዛውራ፣ ሱሪውን ጠቅልላ ጥግ ላይ ሸጉጣዋለች። ቀና ብላ ቅቤ ብቻ የቀረበትን የእናቷን እጅ አየች።

«እምቢ አልሻቸው?»

«ትንሽ» አለች ስመኝ።

ሚዛኑ አርባ ዘጠኝ አለ።

ሰኞ ረፋድ፣ ተራራው ግርጌ፣ ኮቶቹን የታቀፈው ጊዲዮን ነበር። «ፍትሕ የለም!» እያለ ያጉረመርማል። ስመኝ አሥር እርምጃ ሄዳ ወደቀች፤ ዮሐና ፎቶ አነሳቻት፣ ከበረዶውም አነሳቻት፤ እንደገና ወደቀች። በሦስተኛው ልጇ እጇን አልለቀቀችም፤ ሁለቱም እየጮኹ እስከ ታች ወረዱ።

ስመኝ በረዶውን አራግፋ ትኬቷን አነበበች። የተራራውን ስም ታውቀዋለች። ስንት ጊዜ ከሰው ኪስ አውጥታ መልሳዋለች። አጠፈችውና በገዛ ኪሷ ከትታ ዚፑን ዘጋች።

«አንድ ጊዜ እንድገመው» አለች።