ፊልሙ ሳይመጣ የተሰፋ ካባ

ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነበር። ከሚዛን ገበያ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንድ ጨው ነጋዴ በረንዳ ላይ፣ በእግር የሚረገጥ ማሽኑን ዘርግቶ ይሰፋል። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጎኑ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። የምንኖረው ከበረንዳው ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነበር። ቤተሰባችን ሸኮ ነው፤ አባታችን ቡና ገበሬ ነበር። ሚዛን መጥቼ ሁለተኛ ደረጃ እንድማር የተፈቀደልኝ ወንድሜ እዚያ ስላለ ብቻ ነው።

አባታችን ግን ልብስ መስፋትን ከሥራ አይቆጥረውም። በእሱ ዓይን ሥራ ማለት ቆመው የሚሠሩት፣ ማታ ወገብ የሚያሳምም ነገር ነው። ቅዳሜ ለገበያ ሲመጣ በረንዳው ጥግ ይቆምና ማሽኑን ዙሪያውን ያየዋል። አንድም ቀን ማሽን ብሎት አያውቅም። «ይሄ ነገር» ነው የሚለው። «ይሄን ነገር ሽጠውና ና፤ ቡናው ሰው ይፈልጋል» ይለዋል ወንድሜን። በዚያ ዓመት ክረምት ላይ ቁርጡን ነገረው። የቡናው ለቀማ እስኪያልቅ ድረስ ልብስ ሰፊነቱ እንደሚያኖረው ካላሳየ ማሽኑ ይሸጣል፣ እሱም ወደ ቡናው ይመለሳል። እኔም አብሬ እመለሳለሁ፤ ሴት ልጅ ከተማ ውስጥ ብቻዋን ቤት ተከራይታ አትማርም። ይህን ሲናገር አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለን ነበር፤ አባቴ ረጋ ብሎ የተናገረውን ነገር መልሶ አያውቅም።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ የፊልሙ ወሬ የመጣው በዚሁ ክረምት ነው። ከበረንዳችን ቀጥሎ ጸጉር ቤት ነበር። ባለቤቱ ለሚዛን ወጣት የፊልም ሊቅ ነው፤ ቪዲዮ ቤቱ ራሱ ምን እንደሚያሳይ የሚጠይቀው እሱን ነው። እሱ ነው እንግዲህ የሚበር ጀግና ያለበት አዲስ ፊልም ዓለምን እንዳናወጠ ያበሰረን። ሰውዬው ካባውን ዘርግቶ ይበራል፣ መኪና በአንድ እጁ ያነሳል፣ የሚፈርስ ድልድይ ደግፎ ሕዝብ ያሻግራል። ከአዲስ አበባ የመጣ ሁሉ ስለ ፊልሙ ያወራል፤ አይቼዋለሁ የሚል ግን አንድም አልተገኘም። ሁሉም ያየ ሰው አግኝቶ የመጣ ነው። ወሬ ሲነግሩህ መላ ጨምርበት ይባላል፤ ጸጉር ቤት ውስጥ ግን ክብደት ነበር የሚጨመርበት። ነሐሴ ላይ መኪና ያነሳ የነበረው ሰውዬ መስከረም ሲጠባ ባቡር ማንሳት ጀመረ። ባቡር አይቶ የሚያውቅ ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።

ግቢያችን ውስጥ አንድ የታሪክ መምህር ተከራይቶ ይኖር ነበር። በአውቶብስ፣ ቀናት ዘግይቶ የሚደርሰውን ጋዜጣ ገዝቶ ከዳር እስከ ዳር ያነባል። አንድ ቀን ጸጉሩን እየተስተካከለ ጋዜጣውን ቢገልጥ የዚያው ፊልም ነገር ከፎቶ ጋር ወጥቶ አገኘ። ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር። የጋዜጣው ሰው ፊልሙን አልወደደውም። ጫጫታው በዝቶ ታሪኩ ጠፍቷል፣ ጀግናው ራሱ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም፣ ይህን ያህል የተወራለት በከንቱ ነው ይላል።

ጸጉር አስተካካዩ መቀሱን አቆመ። በረንዳችን ላይ ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ።

«ቲቸር፣ እርስዎ ፊልሙን አይተውታል?»

«እኔማ የት አይቼው፤ የተጻፈውን ነው የማነበው።»

«ታዲያ!»

«አንተስ አይተኸዋል?»

«እኔ ላየው ነው!» አለ፣ ነገሩን በማያዳግም መልስ እንደዘጋ ሰው። ተራ የሚጠብቁት ወጣቶች አጨበጨቡለት። አንዱ ጸሐፊው በቅናት ነው አለ፣ ሌላው ተከፍሎት ነው አለ። የመምህሩ ጸጉር በአንድ ወገን ብቻ ተቆርጦ ነበር፤ ጸጉር አስተካካዩም እጁን አጣምሮ ቆመ። ጎፈሬውን በአንድ ወገን ይዞ ተማሪ ፊት መቆም እንደማይችል የገባው መምህር በመጨረሻ «ጸሐፊው ቸኩሎም ሊሆን ይችላል» አለ። መቀሱ እንደገና መንኳኳት ጀመረ።

ከዚያ ጸጉር አስተካካዩ ገጹን ለመነና ተቀበለ። ፎቶውን ብቻ ቆርጦ መስተዋቱ ላይ ለጠፈው። የተጻፈበትን ደግሞ ምላጭ ይጠርግበት ጀመር።

ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነበር። ሰውዬው ካባውን በነፋስ ዘርግቶ ቆሟል፤ የካባው ቀለም ግን አይታወቅም። ወንድሜ ሥራ ሲቀዘቅዝ እየሄደ ያየዋል፤ ካባው ትከሻው ላይ እንዴት እንደተያያዘ፣ ቁመቱ የት እንደሚደርስ በዓይኑ ይለካል። እኛ አገር ሰው የማን ወገን መሆኑን የሚያሳየው አንድ ዓይነት ልብስ በማሰፋት ነው። መዘምራን ያሰፋሉ፣ ሚዜዎች ያሰፋሉ፣ ኳስ ተጫዋቾችም ያሰፋሉ። የፊልሙ ወገኖችም ለምን ይቅርብን አሉ። ሁሉም ካባ ይሰፋላቸዋል፤ ቪዲዮ ቤት ይዘውት ይገባሉ፤ ጀግናው ብቅ ሲል እኩል ይለብሱታል። የሚከፍሉትም የሚረከቡትም በዚያው ቀን ነው፤ ቀደም ብሎ የለበሰ ድግሱን ያበላሻል ተባለ።

«ቀለሙስ?» አለ ወንድሜ።

«ቀይ ነዋ!» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

«በምን አወቅህ?»

«ጀግና ግራጫ ይለብሳል እንዴ?»

ወንድሜ ጅማ ሄዶ አንድ ጥቅል ቀይ ጨርቅ ይዞ መጣ። ጃንጥላ የሚሠራበት ዓይነት፣ ውሃ ጠብ ሲልበት ተንከባሎ የሚወርድ ነበር። ያለው ሁሉ እዚያ ጥቅል ላይ አለቀ። እኔን እንደ እብድ አደረገኝ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ፣ አልኩት። ማንም ያላየውን ፊልም ተማምነህ የምንማርበትን፣ የምንኖርበትን ቤት ልታፈርስ ነው አልኩት። እሱ መቀሱን ጨርቁ ውስጥ ከትቶ «አንቺ ደግሞ እንደዚያ ጋዜጣ ነሽ» አለኝ። እየተነጫነጭኩም ቢሆን ጠርዙን መዘምዘም ያዝኩ። ጨርቁ ያንሸራትታል፣ መርፌ አይይዝም፤ ስለዚህ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ አጥፌ ነው የሰፋሁት። ብንወድቅ እንኳ በእኔ ጠርዝ እንዲሆን አልፈለግሁም።

ለቀማው ተጀመረ፤ ከተማው የቡና ሰው ሞላው። ካባዎቹ በረንዳው ላይ ተሰቅለው ይወዛወዛሉ፤ ፊልሙ የለም። አንድ ቅዳሜ አባቴ መጣና ቀና ብሎ አያቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ካባ ነው፣ አባ።»

«ለማነው?»

«ፊልም ለሚያዩ ልጆች ነው።»

«ፊልም ለማየት ካባ ይለበሳል?»

ወንድሜ አዎ አለ። አባቴ ትንሽ አሰበና «ፊልሙ ሲመጣ ንገሩኝ፤ እኔም አየዋለሁ» አለ። ደነገጥን። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ቪዲዮ ቤት ደጃፍ እንኳ ቆሞ አያውቅም። ልጁ ዕጣ ፈንታውን የጣለበትን ነገር በዓይኑ አይቶ ሊፈርድ እንደሆነ ገባን። ወንድሜ ያን ሰሞን ምግብ አይበላም ነበር።

ፊልሙ የመጣው በአንድ የገበያ ቀን ነው። ቪዲዮ ቤቱ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነበር፤ መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍነዋል፣ ፊት ለፊት ቴሌቪዥን፣ ከውጭ ጄኔሬተር። ምሳ ሰዓት ላይ እግር ማስገቢያ ጠፋ። አባቴ የበዓል ኮቱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እኔ ከእሱ ቀጥሎ፣ ወንድሜ ከእኔ ቀጥሎ ሆንን። ካባዎቹ ያሉበትን ጆንያ ወንድሜ እንደ ሕፃን አቅፎታል። ጸጉር አስተካካዩ ከፊት ሆኖ በየጊዜው ዞር ይልና አውራ ጣቱን ያሳየዋል።

የፊልሙ ቅጂ እጅግ የተበላሸ ነበር። አንዱ እዚያው ሲኒማ ቤት ተቀምጦ በካሜራ የሰረቀው ነው፤ የማናውቃቸው ፈረንጆች ጭንቅላት ከታች ይታያል፣ አንዱም ሽንት ቤት ሊሄድ ተነስቶ ሰማዩን ጋረደው። ጀግናው ለረጅም ጊዜ አልመጣም። ሰውዬው ገና ካባ ሳይለብስ ቢሮ ውስጥ ከአንዲት ሴትዮ ጋር ያወራል፣ ይተክዛል፣ እንደገና ያወራል። ማንም እንግሊዝኛውን አልተከተለም። በመጨረሻ ሙዚቃው ጮኸ፣ ሁሉም ተነሳ፣ የወንድሜ እጅ ጆንያው ውስጥ ገባ። ጀግናው ጣሪያ ላይ ቆሟል። ካባው ግራጫ ነው።

ሁሉም ወደ ጸጉር አስተካካዩ ዞረ።

«ቀዩስ?» አለ አንድ ሰው።

«ቆይ፣ ይቀይራል» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

ቁጭ ብለን እንዲቀይር ጠበቅን። ሰውዬው በግራጫው በረረ፣ በግራጫው ወደቀ፣ በግራጫው ሴትዮዋን አቀፈ። ድልድይ የለም፣ ባቡርም የለም። አንድ መኪና አነሳ፤ እሷም ትንሽ ነበረች። ጋዜጣው ያለው አንድ በአንድ እውነት ሆኖ እያለፈ ነው። መምህሩ ከኋላ ተቀምጦ ነበር፤ ዞሬ ባየው ሳቁን ለመዋጥ ከንፈሩን ነክሷል። ቃል አልተነፈሰም፤ ጸጉሩ አድጎ ነበር።

ፊልሙ ሳያልቅ ጸጉር አስተካካዩ ብድግ አለ። «ይሄ ፎርጅድ ነው!» አለ። «እውነተኛው ቀይ ነው! ይሄን ሸውደው ነው የላኩልን!»

ከአዳራሹ ሁሉ ላይ አንድ ሸክም የወረደ መሰለ። ፎርጅድ ነው! ፎርጅድ ነው! እያሉ በደስታ ወጡ። ክረምቱን ሙሉ የጠበቁት ነገር አልወደቀም፤ እንዲያውም ገና ነው፣ መንገድ ላይ ነው። እነሱም አልተሳሳቱም፣ ጋዜጣው ያየውም ፎርጅዱን ነው። ጸጉር አስተካካዩ በር ላይ ወንድሜን በፍቅር ትከሻውን ያዘው። «አይዞህ፤ ካባዎቹን በደንብ አስቀምጥልን። እውነተኛው ሲመጣ እንወስዳለን» አለው። ሰው መናከስ ነውር ባይሆን ያን እጁን እነክሰው ነበር።

ወደ በረንዳችን ስንመለስ ዝናብ ጀመረ። ወንድሜ ጆንያውን ማሽኑ ሥር ጣለና ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ማልቀስ ፈልጎ አባቴ ስላለ ነው ያልቻለው። እኔ ልቤ ውስጥ ደብተሮቼን መሰብሰብ ጀምሬአለሁ። አባቴ ባርኔጣውን አራገፈ።

«ያ ሰውዬ ሥራ የለውም?» አለ በመጨረሻ።

«የቱ፣ አባ?»

«የሚበረው።»

«ሰው ማዳን ነው ሥራው» አለ ወንድሜ፣ በደከመ ድምፅ።

«እሱ ሥራ አይደለም። ጎረቤት ሁሉ ያደርገዋል።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጆንያው አንድ ካባ መዘዘ። ለቡና ጆንያ ሲገዛ እንደሚያደርገው በሁለት እጁ ወጥሮ ሳበው። ገለበጠው፣ ስፌቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቀው፣ ጠርዙን ዙሪያውን ተከትሎ ሄደ። ከበረንዳው ጣሪያ ወደሚወርደው ፍሳሽ አስጠግቶ ውሃ አስነካው፤ ውሃው ተንከባሎ ወረደ።

«የዚያ ሰውዬ ጫፉ የተተረተረ ነው» አለ። «ሲበር አይቼዋለሁ፣ ክር ተንጠልጥሎበታል። ይሄ ዙሪያውን ታጥፏል።»

«ጠርዙን የሠራችው እሷ ናት» አለ ወንድሜ።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ረጅም ጊዜ ነው ያየኝ።

ወደ ሸኮ የሚሄደው የጭነት አይሱዙ ጡሩንባውን ነፋ። አባቴ ካባውን በበዓል ኮቱ ላይ ደረበ፣ ክሩን አንገቱ ሥር አሰረ፣ ባርኔጣውን ደፋበትና ወደ ዝናቡ ወጣ። የፊልሙ ወገኖች ከዝናብ ተጠልለው በየበረንዳው ስለ ፎርጅዱ ሲጨቃጨቁ ነበር። እሱ በመካከላቸው ሲያልፍ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አይሱዙው ላይ የተሳፈሩት እጃቸውን ዘርግተው ጎትተው አወጡትና ጨው ጆንያዎቹ ላይ ቆመ። መኪናው ሲነሳ ነፋሱ ካባውን ከኋላው ዘረጋው፤ ቀዩ በዚያ ሁሉ ጭቃና ደመና መሃል ከሩቅ ይታይ ነበር።

«ይኸው! ቀይ ነው አላልኳችሁም?» አለ ጸጉር አስተካካዩ።

አባቴ ዞረ። አፉን በእጁ ከልሎ በዝናቡ ላይ ወደ ወንድሜ ጮኸ።

«ማሽንህን አስገባ! ዝናብ እየነካው ነው! ዘይትም ቀባው!»

እኔ አለቀስኩ። ወንድሜ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ይዘን ወደ ውስጥ አስገባነው።