የቡላ ጆሮ

ሐኪሙ ከጠረጴዛው ወዲያ ቆሟል። የልጅ ልጄ ሰላም የውሻዋን አንገት አቅፋ ከወዲህ ቆማለች። እኔ በሩ አጠገብ ነኝ። ሞጣ፣ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ነን፤ ውሻው ሆዱ ላይ የወጣበትን ዕጢ በቀዶ ሕክምና ሊያወጡለት ነው። ሐኪሙ ቆዳውን በአልኮል ሲጠርገው ሽታው የአባቴን አረቄ አስታወሰኝ።

ቢቸና፣ ልጅ ሳለሁ፣ አባቴ ምላጩን በአረቄ አጥቦ የቡችላዬን የቡላን ሁለት ጆሮዎች ከሥር ከሥራቸው ቆረጠ። ጆሮውን ቆርጠው ያበሉት ውሻ ኃይለኛ ይሆናል ይባል ነበር። ከዚያ ፍም ላይ ጠበሳቸው። ወንድሞቼ ሲሰጡት ቡላ አፉን አልከፍት አለ። አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ አብዪው።»

«አባባ፣ የራሱን ጆሮ?»

«የራሱን ነዋ! የጎረቤት ጆሮ ቆርጬ ላምጣለት?»

ወንድሞቼ ሳቁ።

«ካልበላ ፈሪ ነው» አለ አባቴ። «ፈሪ ውሻ አልቀልብም፤ ገደል ነው የምከተው።»

ቡላ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ጉያዬ ተሸጉጦ ይንቀጠቀጣል። ሥጋውን ወደ አፉ አስጠጋሁለት። እጄን አሸተተና በላ፤ ጭራውንም ወዘወዘልኝ።

«አየሽ?» አለ አባቴ ምላጩን እየጠረገ። «ካንቺ እጅ ከሆነ መርዝም ይበላል።»

ሐኪሙ መርፌውን አነሳ።

«እማማ፣ እስኪተኛ ድረስ ጭንቅላቱን ይያዙልኝ። ልጅቷ አጥብቃ አልያዘችውም።»

«እማዬ፣ ነይ እንጂ» አለች ሰላም። «አንቺን ያምንሻል። አንቺ ከያዝሽው ዝም ይላል።»

ውሻው ቀና ብሎ አየኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁ።