ለመኪና የተደገመ ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ብርሃን ጎረቤቴ ዘንድ ለቅሶ ደርሼ ነበር። የሟች ልጅ ከአዲስ አበባ መጥታ እየጮኸች በሩን ስታልፍ ካሜራማኑ «እህቴ፣ አልያዝኩሽም፤ ተመልሰሽ ግቢ» አላት። ተመልሳ ገባች። ሰው ሁሉ ተቆጣ፤ እኔ ንፍሮዬን መቃሜን ቀጠልኩ።

አባቴ የሞተው በንጉሡ ጊዜ፣ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ነው። ከአንኮበር አልዩ አምባ ገበያ በበቅሎ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነበር። በሰልስቱ፣ ጉሙ ገና ከገብሱ ላይ ሳይነሳ፣ በቅሎውን ጭነን ግቢው መሐል አቆምናት። አልቃሿ እትዬ የሺ ለእሱ ብላ ያወጣችውን ሙሾ አወረደች፦

በቅሎህ ተጭና ደጅ ቆማልሃለች፤
ጌታዬ ዘገየ፣ ምን ሆነ ትላለች።

ያኔ ከልቤ አለቀስኩ።

ረፋዱ ላይ ላንድሮቨር መጥቶ ሁለት ፈረንጆችና ከረባት ያሰረ አስጎብኚ ወረዱ። በእኛ አገር ለቅሶ ደራሽ ከሩቅ ሲመጣ ለቅሶው እንደ አዲስ ይነሳል። እኛም የአባቴ የሩቅ አገር ወዳጆች መስለውን ብድግ ብለን እሪ አልን። ፈረንጆቹ መጀመሪያ ደነገጡ፤ ቀጥሎ ካሜራ አወጡ።

አስጎብኚው ወደ አጎቴ ቀረበ። «አባባ፣ ካሜራው ሳይዘጋጅ ነው የጀመራችሁት። እባክዎ ይደገምላቸው። በቅሎዋም ወደ ፀሐይ ትዙር።»

«ለቅሶ ምኑ ደስ ብሏቸው ነው የሚያዩት?» አለ አጎቴ።

«ባህላችንን ወደው ነው።»

አጎቴ ወደ እኛ ዞረ። «የእግዜር እንግዶች ናቸው፤ ለተዝካሩም አንድ ነገር ያደርጋሉ። በሉ ተነሱ።»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ተነሳች። «እማዬ፣ እንባዬ አልመጣም» አልኳት።

«ደረትሽን ምቺ፤ እሱ ይበቃል።»

መታሁ። ሦስት ጊዜ ደገምነው። በሦስተኛው አስጎብኚው «ግሩም!» አለኝ። እያፈርኩ ነው የምናገረው፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ መኪና ብቅ ባለ ቁጥር በመንደራችን ያልሞተ ሰው ይለቀስ ጀመር። እትዬ የሺ የሰው በቅሎ እያስጫነች የአባቴን ሙሾ ለመጣው ሁሉ ታወርደዋለች። ቆሜ እሰማ ነበር። አልቆጨኝም፣ አላመመኝም፤ የጎረቤት ወሬ ያህል ነበር።

ባህላችን ተሸጠ እያሉ ሲማረሩ እሰማለሁ። ይሆናል። እኔ ግን ማንንም ለመቆጣት አፍ የለኝም። እናቴ ያረፈችው እጄ ላይ ነው፤ ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከእሷ ሌላ ሰው አልነበረም። ዓይኗን ከደንኩላትና ተቀመጥኩ። እንባዬ የመጣው ጎረቤቶች በሩን ሲከፍቱ ነው።