ባዶ እንስራ

ልጅ ሳለሁ የእማማ የሺን እጆች እፈራ ነበር። እናቴ ጅቡቲ ከተማ፣ ጋቦዴ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ እዚያው ስለምታድር የምትመጣው ዓርብ ዓርብ ብቻ ነበር፤ በቀረው ቀን ከተማው ዳር ዋራበሌ ሰፈር፣ በእማማ የሺ ቆርቆሮ ቤት ነው ያደግኩት። እማማ የሺ ጅቡቲ ላይ የሚሞቱ ያገሯን ልጆች አጥባ የምትገንዝ ሴት ነበረች። ቀን ሬሳ ያጠቡት እጆች ማታ ዳቦ ቆርሰው ሲሰጡኝ እንደ ምንም እቀበልና ዘወር ብዬ ለድመቷ እጥለዋለሁ። አይታኛለች፤ ግን አንድም ቀን አልተቆጣችኝም።

ያኔ በሙቀቱ ወራት መብራት በየምሽቱ ይጠፋ ነበር። እማማ የሺ ፋኖሷን ለኩሳ፣ እራት የሠራችበትን ፍም አመድ አልብሳ ተረት ትጀምራለች። ነፋሱ ከበረሃ ያመጣው አሸዋ ቆርቆሮውን ሲፍቀው አንድ ሰው ከውጭ በጥፍሩ የሚቧጥጥ እየመሰለኝ ወደ ፍሙ እጠጋለሁ። ብዙ ተረት ታውቃለች፤ ደጋግማ የምትነግረኝ ግን አንዱን ነበር።

አንዲት ሴት ነበረች አሉ። ከደረቀው ወንዝ ማዶ ሰው ሞቷልና ነይ እጠቢ የሚል ጥሪ መጣባት። አጥባ አታውቅም፤ የመንደሩም ጉድጓድ ደርቆ እንስራዋ ባዶ ነው። «ጌታዬ፣ መጀመሪያ ውሃውን ስጠኝ፣ ልቤንም አበርታልኝ፣ ከዚያ እሄዳለሁ» ብላ ሦስት ቀን ደጇ ላይ ተቀመጠች። ምንም የመጣ ነገር የለም። ሲጨንቃት ባዶ እንስራዋን አዝላ ተነሣች። ወንዙ መሀል ስትደርስ አንድ የምታውቀው ድምፅ ከኋላዋ በስሟ ጠራት። አልዞረችም። ከዚያ ወዲያ በተራመደች ቁጥር እንስራው እየከበዳት ሄደ፤ ከሟቹ ደጅ ስትደርስ ውሃው ሞልቶ እየፈሰሰ ጀርባዋን አራሰው።

የጠራት ማን እንደሆነ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ። እማማ የሺ ፍሙን ቆስቆስ አድርጋ አመዱን መልሳ ታለብሰዋለች። አንድ ምሽት ግን እኔ ብሞትም ሬሳ አልነካም ስላት፣ የፊቷ ግማሽ ብቻ በፋኖሱ እየታየ፣

«አሁን ማን ጠየቀሽ ልጄ?» አለችኝ። «ሳትጠሪ ጉልበቱን ምን ታደርጊበታለሽ? ስትጠሪ ይሰጥሻል።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷን ብቻ ሳይሆን ያንን «ስትጠሪ» ያለችውን ነገር መፍራት ጀመርኩ።

አድጌ ዶራሌ ወደብ አካባቢ ለከባድ መኪና ሹፌሮች ምግብ በሚሸጥ ቤት ስሠራ፣ አንድ ቀን ስምንት ሰዓት ላይ የዕድራችን ጸሐፊ ደወሉልኝ። እማማ የሺ ማለዳ አርፋለች። አብራት የምትገንዘው ሴት አገር ቤት ገብታለች፤ በዚያ ሙቀት ሬሳው አያድርም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መቀበር አለበት። ያለሽው አንቺ ነሽ አሉኝ። አልችልም ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጓዳ ገብቼ፣ ጌታዬ፣ መጀመሪያ ይህን የእጄን መንቀጥቀጥ አቁምልኝ ብዬ ለመንኩ። ይባስ ብሎ ተንቀጠቀጠ። ፀሐይዋ ዘንበል ስትል ያች ደጇ ላይ የተቀመጠች የተረቱ ሴት ትዝ አለችኝ፤ አፈርኩ። ሰፈሩ ውሃ ከተቋረጠበት ሳምንቱ ስለነበር ከየት እንደምቀዳ እንኳ ሳላውቅ ባዶ ጀሪካን አንስቼ ወጣሁ።

ጅቡቲ በዚያ ሰዓት ሰው የላትም። የቀኑ ጫት ደርሶ ሁሉም ሊቅም በሩን ዘግቷል፤ መንገዱ ላይ ፍየል እንኳ አልነበረም። ዋራበሌ ገብቼ ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ በስሜ «አስካለ» ብሎ የጠራኝ ድምፅ የእማማ የሺ ነበር። አልዞርኩም። ጀሪካኑም እንደ ተረቱ አልከበደኝም፤ ባዶውን ጭኔን እየመታኝ አብሮኝ ሄደ።

ከደጇ ስደርስ ዐሥር የሚሆኑ ጀሪካኖች አፋቸው ድረስ ሞልተው ተደርድረዋል። ድሬዳዋ ያደገችው ሶማሌ ጎረቤቷ ሐዋ አጠገባቸው ተቀምጣለች። ይህን ሁሉ ውሃ ከየት አመጣችሁት አልኳት።

«ከቦቴ ነው። ትናንት ማታ እሷ ናት ያስሞላችን» አለች። «ነገ ልጄ ልታጥበኝ ትመጣለች፣ ጀሪካኗ ባዶ ነው፣ አደራ አለችን። ደህና ነበረች እኮ፤ ቀልድ መሰለን።»

ይህን ሰምቼም እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም። እንደዚያው ገባሁ። ሐዋ ውሃውን ከበሩ አቀበለችኝ። የመጀመሪያውን አፍስሼ ያን ዳቦ የሚቆርስልኝን እጅ ሳነሳው፣ ያኔ ነው የእኔ እጅ ጸጥ ያለው። ለድመቷ ስለጣልኩት ዳቦ ይቅር በይኝ አልኳትና አለቀስኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ቀበርናት።

በእማማ የሺ ድምፅ የጠራኝ ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። አሁን ሰው ሲሞት የሚደወለው ለእኔ ነው፤ በተደወለ ቁጥር እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ቤቴ ሳለሁ በርትቼ የወጣሁበት አንድም ቀን የለም። ማታ ለትንሿ ልጄ ዳቦ ቆርሼ ስሰጣት ትቀበለኝና ዘወር ትላለች። አያታለሁ፤ አልቆጣትም።